የአበጀ ካፖርት

ሐረገ ወይን ጓዳ ሆና ለልጇ በሶ ስትቋጥር ባሏ የልብስ ሣጥኑን ሲከፍት ሰማች። የሣጥኑ ማጠፊያ ስለዛገ ሲከፈት ሲጥ ይላል። ያን ድምፅ ስትሰማ እጇ በሶው ላይ ቀረ። ምን ፈልጎ እንደከፈተው ታውቃለች፤ የሚፈልገው ነገር ሣጥኑ ውስጥ እንደሌለም ታውቃለች። ታዲያ ምን ይባላል? እንዳልሰማ ሰው ሆና የከረጢቱን አፍ ማሰር ቀጠለች።

አበጀ የሚፈልገው ካፖርቱን ነው። ከወታደር ቤት ሲመለስ ለብሶት የመጣ፣ ወፍራም፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካፖርት። በሰፈሩ «ካፖርቱ» ከተባለ የማን ተብሎ አይጠየቅም። ለክብረ በዓል፣ ለፍርድ ቤት፣ ለሠርግና ለቀብር ካልሆነ አያወጣውም፤ ባወጣው ቀን ደግሞ አረማመዱ ራሱ ይለወጣል። አንድ ክረምት አይጥ ኮሌታውን በልታው ሐረገ ወይን በቀይ ክር ጠቅማዋለች። ሌላ ክር አልነበራትም። ያች ቀይ መስመር ከሩቅ ስለምትታይ ካፖርቱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይለየዋል።

አሁን ካፖርቱ ንፋስ መውጫ ከተማ ነው። የላከችው ደግሞ እሷው ናት።

ልጃቸው ትርሲት ንፋስ መውጫ በተከፈተው የመንግሥት የኪነ ጥበብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በትያትር ክፍል፣ ዐሥረኛ ክፍል ትማራለች። ከየወረዳው ልጆች በፈተና ሲመረጡ ከአገሯ ከሲማዳ ካለፉት ጥቂቶች አንዷ እሷ ነበረች። ከእስቴ ከመጣች ሜሮን ከምትባል ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ስንቃቸውን ከየቤታቸው እያስመጡ ይኖራሉ። ከፋሲካ በኋላ ደውላ «እማዬ፣ ለወላጆች ቀን ትያትር የአባባን ካፖርት ላኪልኝ፤ እንዳለቀ እመልሰዋለሁ» አለቻት። ሐረገ ወይን አንዱ ጎረምሳ ለብሶት ሽማግሌ ሊሆን ነው ብላ ገመተች። ልጇን እምቢ ማለት አታውቅበትም። የሚቀጥለው ክብረ በዓል ሩቅ ነው፤ አበጀ ሣጥኑን ሳይከፍት ካፖርቱ ይመለሳል ብላ በስንቁ መካከል ጠቅልላ በመኪና ላከችው። ሰው ልጁን ሲወድ አእምሮው እንዲህ ቅርብ ቅርቡን ብቻ ነው የሚያሰላው።

ደግሞም አበጀ አልሄድም ብሎ ነበር። «ጭፈራ ላይ እኔ ምን አለኝ» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። እሷም ለትርሲት በስልክ አባትሽ አይመጣም ብላታለች። በወላጆች ቀን ዋዜማ ግን ከእርሻ ሲመለስ እግሩን እየታጠበ ሐሳቡን ለወጠ። እሄዳለሁ፣ በዓይኔ አያለሁ አለ። የሚበጅ ነገር ከሆነ ትቀጥላለች፤ ካልሆነ ልብሷን ሸክፋ አብራን ትመለሳለች። ግንቦት ነው፣ እርሻ የሚጣደፍበት ጊዜ ነው፤ አበጀ በሬዎቹን ፈቶ አገር አቋርጦ የሚሄደው ለቁም ነገር እንደሆነ ሐረገ ወይን ገባት። እወስዳታለሁ ካለ ደግሞ ይወስዳታል።

ነገሩ የሚከነክነው ያለ ምክንያት አልነበረም። እናቱ ወለተ ማርያም፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሲማዳ ስሟ የታወቀ አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት መልእክተኛ ተልኮባት ትሄዳለች፤ ሙሾ ስታወርድ ሟችን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ቆሞ ያለቅሳል። አበጀ ከልቅሶ ቤት ልቅሶ ቤት ቀሚሷን ይዞ እየተከተላት አደገ። እኩዮቹ «የአልቃሽ ልጅ» ይሉት ነበር፤ ትልልቆቹም በሰው ሞት እንጀራ ትበላለች እያሉ ሲያሟት ሰምቷል። ትርሲት መልኳም ድምፅዋም ቁርጥ አያቷን ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ከገባች ጀምሮ «ልጄ» ማለትን ተወ። «ልጅሽ ደወለች?» ይላል። «የልጅሽ ስንቅ አልቋል ወይ?» ይላል፣ ልጅቷ በስልኩ እየሰማችው። ሐረገ ወይን ይህን በሰማች ቁጥር «ልጅህም ናት» ልትለው ትነሣና ጠብ ማንሣቱ ለልጅቷ እንደማይበጃት አስባ ትተወዋለች።

«ካፖርቴ የታለ?» አለ አበጀ ጓዳው በር ላይ ቆሞ።

ወንድሟ አገኘሁ ለሽምግልና ሊለብሰው እንደወሰደው ነገረችው። ውሸቱ ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም። አበጀ የሰው ልብስ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ይወሰዳል ወይ ብሎ አጉረመረመና ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ሐረገ ወይን ስንቁን አዝላ ተከተለችው። እስከ ወገዳ በእግር ተጉዘው መኪና ያዙ።

መኪናው ላይ መስኮቱ ዳር ተቀምጣ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቀድማ ደርሳ፣ ልጅቷን ለብቻዋ አግኝታ፣ ካፖርቱን ከስንቅ ከረጢቱ ሥር ቀብራ መመለስ። ከዚያ አገኘሁን አስጠንቅቆ ነገሩን ማለስለስ ይቻላል። መንገዱ አባጣ ጎርባጣ ነው፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ሐሳቧም አብሮ ይዘላል። ሾፌሩ በየመንደሩ መንገዱ ሰላም ነው ወይ እያለ ይጠይቃል፤ ሰላም ነው ሲሉት ይነዳል። አንድ ቦታ ላይ ጎማ ሲቀየር ሐረገ ወይን ሽንቷን እንደምትሸና ሰው ከቁጥቋጦው ጀርባ ሄዳ ለትርሲት ደወለች። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ጥቂት ቆይተው ይደውሉ አለቻት። እንደገና ደወለች፤ ሴትዮዋም እንደገና ያንኑ አለቻት። ሐረገ ወይን በሕይወቷ ሰው ረግማ አታውቅም፤ ያችን ሴትዮ ግን በሆዷ ረገመቻት።

ንፋስ መውጫ ሲደርሱ ስሙ የወጣለት ነፋስ ተቀበላቸው። አበጀ ጋቢውን ወደ አንገቱ ሰበሰበና «ካፖርት የሚያስፈልገው ዛሬ ነበር» አለ። ባጃጅ ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ።

ግቢው በወላጅ ተሞልቷል። በአንድ ጥግ ጎረምሶችና ኮረዶች እስክስታ ይለማመዳሉ፤ በሌላው ጥግ አንዱ ማሲንቆ ይቃኛል። አንዲት ቀጭን ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ለብቻዋ «አአአ» እያለች ትጮሃለች። አበጀ ቆሞ አያት። ይቺን ልጅ ማን ነካት ብሎ አንዱን ተማሪ ጠየቀው፤ ልጁም ድምፅ እያሟሸች እንደሆነ በትሕትና አስረዳው። አበጀ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሐረገ ወይን ያንን አነቃነቅ ታውቀዋለች፤ መልኩን ያልወደደው በሬ ሲቀርብለት ገበያ ላይ የሚነቀንቀው ነው።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ጣሪያውን የተሸከሙት ወፋፍራም ዓምዶች እንዳሉ ናቸው። ሐረገ ወይን መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ አንዱ ዓምድ መድረኩን ከሚጋርድበት ቦታ መርጣ ባሏን አስቀመጠችው። እዚህ ነፋስ አይመታህም፣ ለልጅቷ ስንቋን ሰጥቻት እመለሳለሁ ብላ ወጣች። አበጀ አልተጠራጠራትም፤ ይህ ደግሞ የባሰ አሳፈራት።

ከመድረኩ ጀርባ ትርሲትን አገኘቻት። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ወገቧን በመቀነት አጥብቃ አስራ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ተከናንባለች። ካፖርቱ ከጎኗ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«አባትሽ መጥቷል» አለቻት።

ትርሲት ፊቷ ተለወጠ። «አይመጣም አላልሽኝም?»

«ብዬሽ ነበር። አሁን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል፤ ካልወደደው ይዞሽ ሊመለስ ነው። ይኼን ካፖርት ማን ነው የሚለብሰው?»

«ማንም አይለብሰውም» አለች ትርሲት ዓይኗን ወደ መሬት ሰብራ። «የሟች ልብስ ነው፣ እማዬ። ከቀብር በኋላ የደረሰች ልጅ ሆኜ እኔ ይዤው አለቅስበታለሁ።»

ሐረገ ወይን አማተበች። በአገራቸው ሰው ሲሞት ልብሱ በእጅ ተይዞ ይወጣል፣ በልብሱም ይለቀሳል፤ ይህ ያለ ነው። በቁሙ ያለ ሰው ልብስ ተይዞ ሙሾ ሲወርድ ግን ሰምታ አታውቅም። ሟርት ነው። ባለቤቱ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው። አበጀ ከቤቱ ወጥቶ እግሩ ቢደናቀፍ እንኳ ተመልሶ የሚቀመጥ ሰው ነው። ያ ሁሉ አልበቃ ብሎ ልጁ የምትሠራው ሥራ እናቱ የተሰደበችበት ሥራ ሆነ። ሐረገ ወይን ከዚህ የከፋ ነገር አስቢ ብትባል ማሰብ አትችልም ነበር።

እጇን ሰድዳ ካፖርቱን ያዘችው። ሌላ ልብስ ያዥ አለቻት፤ የመምህሩንም ቢሆን። ትርሲትም የካፖርቱን እጅጌ ይዛ አልለቀቀችም። ትያትሩን በሚያሠራቸው በመምህር አስቻለው ጃኬት እንደሞከረችው፣ አንዲት እንባ እንዳልመጣላት፣ ልጆቹም እንደሳቁባት ነገረቻት። አባባን የሚሸት ነገር ካልያዝኩ አይሆንልኝም አለች።

«ብወስድብሽስ ምን ይሆናል?» አለች ሐረገ ወይን።

«ከሰው ፊት እወድቃለሁ። አባባም ይወስደኛል።»

«ብትይዢውስ?»

«ያን ጊዜም ይወስደኝ ይሆናል» አለች ትርሲት። «ግን ያለኝን አሳይቼው ይውሰደኝ።»

ሐረገ ወይን ልጇን አየቻት። ያች የወለተ ማርያም ግንባር፣ ያ የወለተ ማርያም አገጭ። እናትነት አንዳንዴ ምን ዓይነት መከራ ነው፤ የትኛውን ብታደርግ ልጅቷን እንደምትጎዳ አታውቅም። ደወል ተደወለ፤ መምህር አስቻለው በመጋረጃው ቀዳዳ አንገቱን አስግጎ «ትርሲት፣ ቦታሽን ያዢ» አለ። ሐረገ ወይን ካፖርቱን ለቀቀች። ስንቁን እዚያው ጥላ እየተደናበረች ወጣች።

መጨረሻው ረድፍ ስትደርስ አበጀ የለም። ዓይኗን አዳራሹ ላይ ስታንከራትት ከፊት አየችው፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ መድረኩ አፍንጫ ሥር። ለካ እንግዳ የሚያስተናግዱት ተማሪዎች ሽበቱን አይተው፣ እርስዎማ እዚህ አይቀመጡም ብለው በክብር ወስደውታል። ጥሩ ያደጉ ልጆች ናቸው። ሐረገ ወይን በሰው ጉልበት ላይ እየተረማመደች ሄዳ ከጎኑ ተቀመጠች። በሌላው ጎኑ ከታች ጋይንት የመጡ ዓለምጸሐይ የሚባሉ አሮጊት ተቀምጠው ስለ ልጅ ልጃቸው ከበሮ አመታት ያወሩለታል።

ትያትሩ ተጀመረ። ልጅ ለትምህርት ከተማ ትሄዳለች፤ አባት ገጠር ይታመማል፤ ፈተናዋ እንዳይበላሽባት ብለው መታመሙን ይደብቋታል። አባትየውን የሚሠራው ጎረምሳ ያለ ልክ ስለሚያስል ሰው ሳቀ። አበጀ አልሳቀም። ሐረገ ወይን መድረኩን ሳይሆን ባሏን ነበር የምታየው። መብራቱ ጠፍቶ እንደገና ሲበራ አባትየው ሞቶ ተቀብሯል፤ ሐዘንተኞች መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትርሲት በአንዲት ሴት ተደግፋ ገባች። በሁለት እጇ ካፖርቱን ከፍ አድርጋ ይዛዋለች።

ቀይዋ ክር ብርሃኑ ውስጥ ቁልጭ ብላ ታየች። አበጀ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። አንዴ ካፖርቱን፣ አንዴ ሚስቱን አየ። ሐረገ ወይን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እሱ ግን ፊቱን ወደ መድረኩ መለሰ።

ትርሲት ዝም ብላ ቆመች። ሐረገ ወይን ቃሉ የጠፋባት መሰላት። ልጅቷ ዓይኗ ከፊት ረድፍ ላይ ካለው አባቷ ጋር ተጋጥሞ ነበር። ከዚያ ጀመረች።

«ይኸው ካፖርቱ አለ፣ ትከሻው ወዴት ነው?
ብርድ እንዳይመታኝ ለኔ ያለበሰው።»

ድምፅዋ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ነበር፤ ኋላ አዳራሹን ሞላው። ሐረገ ወይን የሰውነቷ ጠጉር ሁሉ ቆመ። ድምፁ የሞተችው አማቷ ድምፅ ነው።

«ወገዳ ድረስ በጀርባህ አዝለኸኝ፣
ዛሬ ምን አገኘህ ለብቻዬ ጣልኸኝ።»

ይህ ከትያትሩ አይደለም። መምህር አስቻለው ከመጋረጃው ጥግ ወረቀቱን ያገላብጣል፤ ወገዳ የሚል ነገር አላገኘበትም። ትርሲት ትንሽ ልጅ ሆና ኩፍኝ ሲያቃጥላት አበጀ በዚህ ካፖርት ጠቅልሎ አዝሏት በዝናብ ወገዳ ጤና ጣቢያ ወስዷታል። ሲመለሱ እሱ እስከ ቆዳው ርሶ ነበር። ሐረገ ወይን ልጅቷ ታስታውሰዋለች ብላ አስባ አታውቅም።

በዚህ መካከል ከኋላ ወንበር ሲንኳኳ ተሰማ። ከገጠር የመጣው ወላጅ እየተነሣ ነው። የሟች ልብስ ተይዞ፣ ሙሾ እየተወረደ ተቀምጦ መስማት ነውር ነው፤ ይህን ማንም ሊያስተምራቸው አያስፈልግም። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ፤ አንዷ «ወይኔ ወንድሜ» ብላ ደረቷን ደለቀች፣ ሌላዋም ተቀበለቻት። የከተማዎቹ ወላጆች መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ ኋላ እነሱም እየተንጠራሩ ተነሡ። አንድ ተማሪ በማይክ «ወላጆች፣ እባካችሁ፣ ትያትር ነው» ቢል ማን ሰምቶት። ሁሉም ሰው በየቤቱ የሞተበት አለ፤ ለዚያ ለማያውቁት ሰውዬ እያስመሰሉ ሁሉም የየራሱን ያለቅስ ጀመር።

አበጀ ብቻ ተቀምጧል። ለራሱ ልቅሶ እንዴት አድርጎ ይነሣል? ሐረገ ወይንም ከጎኑ አልተነሣችም።

ወይዘሮ ዓለምጸሐይ እንባቸው እየወረደ ጎንበስ ብለው ክንዱን ያዙት። አለመነሣቱን ያዩት ሐዘን ሰብሮት መስሏቸዋል።

«አይዞህ ወንድሜ። ሟቹን ታውቀው ነበር?»

«አውቀዋለሁ፣ እሜቴ» አለ አበጀ።

«ደግ ሰው ነበር?»

አበጀ ካፖርቱን አየ። «እንጃ» አለ በመጨረሻ። «እሷ ደግ ነበር ትላለች።»

መድረኩ ላይ ትርሲት ካፖርቱን ወደ ፊቷ አስጠግታ ነበር። ድምፅዋ ሲመለስ ዝግ ብሎ ነው፤ አዳራሹም እንዲሰማት ጸጥ አለላት።

«‹ልጅሽ› እንዳልኸኝ ነው የተለያየነው፣
‹ልጄ› የሚለውን ለማን ነው የተውኸው?»

ሐረገ ወይን ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ አለች በልቧ። እኔ እንኳ በጓዳ ደፍሬ ያልተናገርኩትን በአደባባይ አወጣችበት፤ አሁን ይነሣል፣ እጇን ይዞ ይወጣል፣ ይህች ልጅ ከእንግዲህ መድረክ አታይም። ወንበሩ እስኪንቀሳቀስ ጠበቀች። የሰማችው ግን የአሮጊቷን ድምፅ ነው።

«አፏ ይባረክ። ልጅቱ የማን ናት?»

«ልጄ ናት» አለ አበጀ።

አሮጊቷ ያልሰሙት ይመስል፣ እንደገና «ልጄ ናት» አለ። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ አንዴ እሱን አንዴ መድረኩን አዩ። ሟቹን ለመጠየቅ አፋቸውን ከፈቱ፤ ካፖርቱን አዩ፣ ጋቢውን አዩ፣ አማተቡ።

ትያትሩ የሚያልቀው እንዴት እንደነበር እስከ ዛሬ ያወቀ ወላጅ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል በልቅሶ ተውጦ ቀረ፤ መጋረጃውም ሰው እየተናፈጠ ሳለ ተዘጋ። መምህር አስቻለው ወጥቶ ወላጆችን ሲያመሰግን አንዳንዶቹ «እግዜር ያጽናችሁ» እያሉ ጨበጡት።

አበጀና ሐረገ ወይን ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁ። ሐረገ ወይን ምን እንደወሰነ ልትጠይቀው ፈራች። ልጄ ናት ማለቱን በጆሮዋ ሰምታለች፤ ግን ልጁን ይዞ የሚሄደውም አባት ልጄ ናት ይላል። ትርሲት ካፖርቱን አጣጥፋ በክንዷ ይዛ መጣች። ከኪራይ ክፍሏ ሮጣ ያመጣችው የልብስ ሻንጣም በሌላው እጇ ነበር። የአባቷን ፍርድ ሳትጠብቅ ለመሄድ ሸክፋ ወጥታለች።

«አባባ፣ ካፖርትህ» አለች። «የወሰድኩት እኔ ነኝ። እማዬን አትቆጣት።»

አበጀ ካፖርቱን ተቀበለ። ዘርግቶ ኮሌታውን አየ፤ ቀይዋን ክር በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ከዚያ ትከሻና ትከሻውን በሁለት እጁ ይዞ ከደረቱ ፊት አቆመው፤ ውስጡ ሰው ያለበት መሰለ።

«እንዲህ ነው» አለ። «አያትሽ እንዲህ ነበር የምትይዘው። አንቺ በኮሌታው ስለያዝሽው ታጥፎ ተንጠለጠለ። ትከሻው ወዴት ነው ስትይ ሰው ትከሻውን ማየት አለበት።»

ትርሲት አፏን ከፍታ አየችው። እሱ ካፖርቱን መልሶ በእጇ ላይ አደረገላት፤ እጆቿንም ይዞ ትከሻው ላይ አስተካከላቸው። ከዚያ ሻንጣውን ተቀብሎ መሬት አስቀመጠው።

«ከዚህ በኋላ ለማን ልታሳዩ ነው?»

«ክረምት ሳይገባ ደብረ ታቦር» አለች ትርሲት በማይሰማ ድምፅ።

«እንግዲያው ካፖርቱ እዚሁ ይቆይ» አለና ጋቢውን ሰብስቦ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። ትርሲት ካፖርቱን እንደያዘች በቆመችበት ቀረች። ሐረገ ወይን ሳመቻት፣ ስንቁ በሶ ነው፣ ቋጠሮው ውስጥ ጨው አለ አለቻት፣ ሌላ የምትለው ጠፍቶባት ሮጣ ባሏን ተከተለችው።

መኪና ተራው ጋ ነፋሱ ብሶበታል። አበጀ ከጋቢው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አየችው። ደስታው ከልቧ ሳይደርስ ፍርሃቱ ተመለሰባት። በቁሙ የተለቀሰበት ሰው፣ ካፖርቱን ትቶ፣ በዚህ ብርድ። የሟች ልብስ ለሌላ እንደሚሰጥ ትዝ አላት፤ ያን ሐሳብ ቶሎ ብላ ከራሷ አባረረችው፤ እሱ ግን ተመልሶ መጣ።

«ሟርት ነው ብለህ አልፈራህም?» አለችው ቀስ ብላ።

አበጀ ወደ ትምህርት ቤቱ በኩል አየ። «እናቴ አገሩን ሁሉ አልቅሳ ቀብራለች» አለ። «እሷ ስትሞት ግን በወጉ የሚያለቅስላት ጠፋ። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ።» ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «እኔስ የራሴን ሰማሁ።»

ሐረገ ወይን ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት። ተው ይበርድሻል አላት። እሷ ግን አልሰማችውም፤ የጋቢውን ጫፍ እየጎተተች ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ስትደፍን መኪናው መጣ።